ሪቻርድ ቫግነርና እምቢ ያለው መድረክ

የዘንድሮው መጽሔት ኮሚቴ ከየትምህርት ክፍሉ ተመራቂ አንዳንድ ጽሑፍ ሲጠይቅ፣ ለእኔ የደረሰኝ ሥራ በሙያዬ ስሙ የታወቀ፣ ከሞተም ብዙ ዘመን ያስቆጠረ ሰው ሕይወት መጻፍ ነበር። ጓደኞቼ ከአገራችን ጸሐፌ ተውኔቶች አንዱን እንደምመርጥ ጠብቀዋል። የምታስታውሱኝ ግን ታውቃላችሁ፤ ከትያትር ጥበባት ከተመረቅሁ ወዲህ ዕድሜዬን የፈጀሁት ከመጋረጃ ጀርባ ነው። ገመድ ስስብ፣ መብራት ስሰቅል፣ ዲኮር ከጭነት መኪና ሳወርድና መልሼ ስጭን። ስለዚህ የእኛን የገመድ ሳቢዎችን ኑሮ ከማንም በላይ ያከበደውን ሰው መረጥኩ፤ ጀርመናዊውን የኦፔራ ደራሲ ሪቻርድ ቫግነርን። ስለ ሙዚቃው የሚጽፍ ሞልቷል። እኔ የማወራው ስለ ማሽኖቹ ነው፤ ስለተሰበሩት፣ ስለዘገዩት፣ አንዳንዴም ጭራሽ ስላልመጡት። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አስቀምጬዋለሁ።

ቫግነር የተወለደው በሌይፕዚግ ከተማ ሜይ 22 ቀን 1813 ነው። አባቱ በፖሊስ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበር፤ ልጁ የስድስት ወር ሕፃን ሳለ በተስቦ ሞተ። እናቱ መልሳ ያገባችው ሉድቪግ ጋየር የሚባል ተዋናይም፣ ሠዓሊም፣ ተውኔት ጸሐፊም የሆነ ሰው ነበርና ቤተሰቡ ወደ ድሬስደን ተዛወረ። እንግዲህ ሪቻርድ ያደገው በትያትር ቤት ጓዳ ነው ማለት ይቻላል። እህቶቹ ወደ መድረክ ወጡ፤ ታላቅ ወንድሙም ዘፋኝ ሆነ። እሱ ራሱ በኋላ እንደተረከው፣ የተቀባ የዲኮር ሸራ ወይም የተዋናይ ልብስ ባየ ቁጥር ልቡ ይመታ ነበር፤ ዓለም ሁሉ ከዚያ ሸራ ጀርባ ያለ ይመስለው ነበር። እኛ ከሸራው ጀርባ ያለውን እናውቀዋለን፤ አቧራና ምስማር ነው። ልጅ ሆኖ ያየው ግን ያንን አይደለም፤ ዕድሜውንም ሙሉ አቧራውና ምስማሩ እንዳይታይ ሲታገል ኖረ።

በ1831 በሌይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ በሙዚቃ ተማሪነት ተመዘገበ። እንደ ተማሪ የሚመሰገን አልነበረም፤ ያኔ የሚታወቀው በካርታ ጨዋታና በድብድብ ጉራ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ሳይጨርስ ወደ ሥራ ገባ። እዚህ ላይ ለእኔ የሚጥመኝ ነገር አለ፤ ይህ በኋላ ለራሱ ብቻ የሚሆን ትያትር ቤት ያሠራ ሰው በኦርኬስትራ መሪነት የመጀመሪያ ሥራውን ያገኘው ከከተማ ከተማ ከሚዞር ቡድን ነው። ቡድኑ ክረምቱን በማግዴቡርግ፣ በጋውን በትናንሽ የመዝናኛ ከተሞች ያሳልፍ ነበር። በ1834 የበጋ ወር ባድ ላውክሽቴት ወደምትባል ትንሽ ከተማ መጥቶ ሲያያቸው ነገሩ ሁሉ የተዝረከረከ ስለነበር ሊመለስ አስቦ ነበር። ነገር ግን ሚና ፕላነር የምትባለውን ተዋናይት አየና ሐሳቡን ለወጠ። ኦገስት 2 ቀን የሞትሳርትን «ዶን ጆቫኒ» መራ፤ ሚናንም ከሁለት ዓመት በኋላ አገባት።

የዚያ ቡድን መጨረሻ ግን አሳዛኝም አስቂኝም ነው። ቫግነር «የፍቅር ክልከላ» የሚል ኦፔራ ጻፈና በማርች 1836 በማግዴቡርግ ቀረበ። ቡድኑ በዕዳ ሊበተን ተቃርቦ ስለነበር ልምምዱ ከሁለት ሳምንት የማይዘል ጥድፊያ ነበር። ለሁለተኛው ምሽት አዳራሹ ውስጥ የተገኙት ሦስት ሰዎች ናቸው። እሱም ይሁን፤ ለሦስት ሰውም ቢሆን ይሠራል። ነገር ግን መጋረጃው ከመከፈቱ በፊት ከጀርባው የዋናዋ ዘፋኝ ባል በቅናት ተነሥቶ ቆንጆውን ቴኖር በቡጢ መታው፤ ሚስቱም ለመገላገል ገብታ ቀመሰች። መድረክ አስተዳዳሪው ወጥቶ ትርኢቱ መሰረዙን ለሦስቱ ሰዎች አስታወቀ። ኦፔራው በቫግነር ሕይወት ዘመን ዳግመኛ ሙሉ ሆኖ አልቀረበም።

ከዚያ ሪጋ ሄደ። የሪጋው ትያትር ቤት ጠባብ፣ ጨለም ያለ፣ መቀመጫው ወደ ኋላ እየከፈ የሚወጣ፣ ኦርኬስትራው ዝቅ ብሎ የሚቀመጥበት ነበር። ሌላው ሰው የሚያማርርበትን ይህንን ነገር ቫግነር በልቡ ያዘው። በ1839 አበዳሪዎች ሲከቡት ከሚስቱና ከአንድ ትልቅ ውሻ ጋር በድብቅ ድንበር ተሻግሮ ወደ ለንደን በሚሄድ ትንሽ የጭነት መርከብ ተሳፈረ። በስምንት ቀን ያልቃል የተባለው ጉዞ በማዕበል ምክንያት ከሦስት ሳምንት በላይ ወሰደ፤ በኖርዌይ የባሕር ዳርቻም ተጠለሉ። «በራሪው ሆላንዳዊ» የተባለውን ኦፔራ ያንን ባሕር ሳያስብ አልጻፈውም። ፓሪስ ላይ ሁለት ዓመት ተኩል በችግር ኖረ፤ የሌሎችን ዜማ እያዘጋጀ ለእንጀራው ሠራ።

ድሬስደን በ1842 «ሪየንሲ»ን ስትቀበልለት ዝና መጣ። በተከተለው ጃንዋሪ 2 ቀን «በራሪው ሆላንዳዊ» ቀረበ። እንግዲህ የማሽን ነገር እዚህ ይጀምራል። ይህ ኦፔራ መድረክ ላይ ሁለት መርከብ ይፈልጋል፤ ከሁለቱ አንዱ የመናፍስት መርከብ ነው፤ በሦስተኛው ክፍል ባሕሩ ተነሥቶ በዚያ መርከብ ዙሪያ ብቻ መናወጥ አለበት። ቫግነር በኋላ በምሬት እንደተረከው፣ ኦርኬስትራው በሙሉ ኃይሉ ሲያጓራ ባሕሩ ንቅንቅ አላለም፤ የመናፍስቱ መርከብም በጥንቃቄ ቆሞ ቀረ። ከአራት ምሽት በኋላ ኦፔራው ከፕሮግራም ወጣ። የ1845ቱ «ታንሆይዘር» ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው። የዘፋኞቹ ውድድር የሚካሄድበት ታላቅ አዳራሽ ዲኮር ከፓሪስ ታዝዞ ነበር፤ ለመጀመሪያው ቀን አልደረሰም። ምን ይደረግ? የሌላ ኦፔራ፣ የቬበር «ኦቤሮን» አዳራሽ ከመጋዘን ወጥቶ ተተከለ። ተመልካቹ ያንን ሸራ በደንብ ያውቀዋል። አዲስ ዓለም አያለሁ ብሎ የመጣ ሰው የድሮ ጎረቤቱን ቤት ሲያይ የሚሰማውን አስቡት።

እስቲ እዚህ ላይ የሙያዬን ነገር ልናገር፤ ያለዚህ የቀረው አይገባም። በንግግር ትያትር ማሽን ቢበላሽ ተዋናዩ ያድናችኋል። ይቀመጣል፣ ይነሣል፣ አንድ ቃል ይጨምራል። በእኛ አገር ሙዚቃዊ ትያትርም ቢሆን መላ አይጠፋም። አንድ ጊዜ ትርኢት ይዘን ክፍለ ሀገር ወጥተን፣ በአንድ አዳራሽ መጋረጃው ግማሽ መንገድ ላይ ተነክሶ ቀረ፤ ገመዱ ከላይ ካለው መዘውር ወጥቶ ነበር። መሰላል አምጥተን እስክናስተካክል ድረስ አኮርዲዮኑ ያንኑ መግቢያ እየደጋገመ፣ ድምፃዊቷም በግማሹ መጋረጃ ብቅ እያለች የከተማውን ሰው እያሞገሰች ቆዩ። ሕዝቡ የትርኢቱ አካል መስሎት አጨበጨበ። የቫግነር ሙዚቃ ግን እንዲህ ያለ ምሕረት የለውም። «የራይን ወርቅ» ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ያለ ዕረፍት ይፈስሳል፤ ከወንዝ ሥር ወደ ተራራ አናት፣ ከተራራ አናት ወደ ምድር ውስጥ ዋሻ መጋረጃ ሳይዘጋ ይሻገራል፤ እያንዳንዱ ሽግግር የተመደበለት የሙዚቃ ርዝመት አለው። ማሽኑ አሥር ሰከንድ ቢዘገይ ሙዚቃው አይጠብቅም። ዘንዶው ሲጠራ ካልመጣ፣ ያልመጣ መሆኑን ሺህ ሰው ያያል።

ይህን ሥራ፣ «የኒበሉንግ ቀለበት» የተባለውን የአራት ምሽት ኦፔራ፣ የጀመረው በ1848 ነው፤ የጨረሰው በ1874። በመካከሉ የ1849 የድሬስደን አመፅ አለ፤ ቫግነር ከአማፂዎቹ ጋር ነበርና የእስር ማዘዣ ወጥቶበት ወደ ስዊዘርላንድ ኮበለለ። «ሎኸንግሪን»ን በ1850 ቫይማር ላይ ወዳጁ ፍራንስ ሊስት ሲያቀርብለት ደራሲው በስደት ነበር፤ አላየውም። በዚያ ኦፔራ ባላባቱ የሚመጣው ስዋን የሚባለው ነጭ የውኃ ወፍ በሚጎትታት ጀልባ ነው። ያቺ ወፍ ስንቱን ቴኖር እንዳዋረደች! በጣም የሚወራው ከብዙ ዓመት በኋላ ስለ ታላቁ ቴኖር ሌኦ ስሌሳክ ነው። ገመድ ሳቢው ቸኩሎ ወፏን ቀድሞ ጎተታት አሉ፤ ስሌሳክ ገና እግሩን ሳያነሣ ጀልባዋ ሄደች። እሱም ሳይደናገጥ የሚቀጥለው ወፍ በስንት ሰዓት እንደሚነሣ አጠገቡ ያሉትን ጠየቀ። እኔ ሁልጊዜ የማስበው ያንን ገመድ ሳቢ ነው። ማንም ስሙን አይጠራም።

በስደቱ ዘመን የጻፈውን አንድ ነገር ሳላነሣ ባልፍ ጽሑፌ ሐቀኛ አይሆንም። በ1850 በሐሰት ስም፣ በ1869 ደግሞ በገዛ ስሙ በአይሁድ ሙዚቀኞች ላይ በጥላቻ የተሞላ ድርሰት አሳተመ። ከሞተ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ናዚዎች ስሙን ባንዲራ አድርገውታል፤ እስራኤል ውስጥ ሙዚቃው በአደባባይ እምብዛም የማይቀርበውም ለዚህ ነው፤ እዚያ የምትኖሩ የዩኒቨርሲቲያችን ልጆች ነገሩን ከእኔ የበለጠ ታውቁታላችሁ። ይህንን ያዙልኝ፤ ወደ ባቡሩ ስንደርስ ይመለሳል።

በ1864 የባቫሪያው ንጉሥ ሉድቪግ ሁለተኛ ገና በ18 ዓመቱ ዙፋን እንደያዘ ቫግነርን አስፈልጎ ዕዳውን ከፈለለት። ንጉሡ ግን ትዕግሥት አልነበረውም። ቀለበቱ አራቱም ክፍል ሳያልቅ የመጀመሪያው ክፍል በሙኒክ ይቅረብ አለ። ቫግነር አይሆንም አለ። በኦገስት 1869 መጨረሻ የተደረገው የአልባሳት ልምምድ በማሽን በኩል ውርደት ሆነ፤ መሪው ሐንስ ሪኽተር በዚህ ሁኔታ አልመራም ብሎ ከሥራ ታገደ። ቫግነር ራሱ ወደ ሙኒክ መጥቶ ነበር፤ የሰማው የለም። ሴፕቴምበር 22 ቀን ያለ እሱ ፈቃድ ቀረበ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይሉ የለ! ያን ጊዜ የቆረጠ ይመስለኛል፤ የራሴ ቤት፣ የራሴ መድረክ፣ የራሴ ማሽን ሠራተኛ አለ።

ቤቱ በባይሮይት ከተማ ኮረብታ ላይ ተሠራ። የመሠረት ድንጋዩ በልደቱ ቀን፣ ሜይ 22 ቀን 1872 ተጣለ። ገንዘቡ ከደጋፊዎች በ300 ታለር የድርሻ ወረቀት ሊሰበሰብ ታስቦ ነበር፤ አልሞላም። ንጉሡ በ1874 የ100,000 ታለር ብድር ባይሰጡ ኖሮ ግድግዳው ቆሞ ይቀር ነበር። ኦርኬስትራው ከመድረኩ ሥር ተደብቆ ተመልካች እንዳያየው ተደረገ፤ ሪጋ ያየው ጠባብ ቤት እዚህ ሰፍቶ ተወለደ ማለት ነው። ለማሽኑ ከዳርምሽታት ካርል ብራንት የሚባለውን ሰው አመጣ። ብራንት በጊዜው ከጀርመን የመድረክ ማሽን ሠራተኞች አንደኛ ነበር። ቤቱ ሲነደፍ ጀምሮ አብሮ ሠርቷል፤ አርክቴክቱ ብሩክቫልት ስሙን ቢወስድም ባይሮይት ግማሹ የብራንት ነው ብል የሚቃወመኝ የሙያ ባልደረባ አይኖርም።

አሁን ወደ ጣፋጩ እንምጣ። ኦፔራው ሲጀምር ሦስት የራይን ወንዝ ልጃገረዶች በውኃው ውስጥ እየዋኙ ይዘፍናሉ። ቫግነር ይህን ሲጽፍ እንዴት እንደሚሠራ አላሰበበትም፤ ለብራንት ተወለት። ብራንት የሠራው እንዲህ ነው። ከታች ጎማ ያለው ከባድ ጋሪ፤ በጋሪው ላይ ረጅም የብረት ምሰሶ፤ ከምሰሶው አናት ላይ ዘፋኟ በሆዷ ተኝታ በቀበቶ የምትታሰርበት ቅርጫት መሰል መቀመጫ። ከሥር ሰዎች ጋሪውን ይገፋሉ፣ ይዘውሩታል፣ ምሰሶውን ከፍና ዝቅ ያደርጋሉ፤ ከየጋሪው ጋር የሚሄድ አንድ ወጣት ሙዚቀኛም ኖታ ይዞ መቼ መነሣት፣ መቼ መውረድ እንዳለበት ምልክት ይሰጣል። ከእነዚህ ወጣቶች መካከል አንቶን ዛይድልና ፌሊክስ ሞትል ነበሩ፤ ሁለቱም በኋላ ታላላቅ የኦርኬስትራ መሪዎች ሆነዋል። ሊሊ ሌማን፣ እህቷ ማሪና ሚና ላመርት ማሽኑን መጀመሪያ ሲያዩት ፈሩ፤ እምቢም አሉ። ቢፈረድባቸው አይገባም። በመጨረሻ ተለምነው በመሰላል ወጡ፣ ታሰሩ፣ ጋሪው ተንቀሳቀሰ። ቀስ በቀስ ደስ አላቸው፤ ያንን የሚያክል ከባድ ዜማ በአየር ላይ ተንሳፈው አንዲት ኖታ ሳያዛንፉ ዘፈኑት። ከዚያ ሁሉ ማሽን መካከል በደንብ የሠራው ይኸው ሁሉም የፈራው ነው።

ሌላው ማሽን እንዲህ አልታዘዘም። ለእንፋሎት የባቡር ቦይለር መጥቶ ነበር፤ እንፋሎቱ በቧንቧ ወደ መድረክ እየመጣ እንደ ደመና ተነሥቶ ለውጡን ይሸፍን ዘንድ። ሐሳቡ ግሩም ነው፤ ነገር ግን እንፋሎት ያፏጫል፤ ሙዚቃው ዝግ ባለበት ሁሉ ፉጨቱ ይሰማ ነበር። ለሦስተኛው ምሽት የሚያስፈልገው ዘንዶ በለንደን ታዘዘ። በክፍል በክፍል እየሆነ መጣ፤ ጅራቱ መጣ፣ አካሉ መጣ፣ ጭንቅላቱ በመጨረሻው ሰዓት ደረሰ፤ አንገቱ ግን ከናካቴው አልመጣም። ባይሮይት የሚለው አድራሻ ቤይሩት ተብሎ ተነብቦ ወደ ሊባኖስ ሄደ የሚል ወሬ እስከ ዛሬ ይወራል። እውነትም ይሁን ቀልድ፣ ጭንቅላቱን ቀጥታ አካሉ ላይ ሰፉት። ጀግናው ሲግፍሪድ የገደለው አንገት የሌለው ዘንዶ ነው።

ኦገስት 13 ቀን 1876 ምሽት ላይ የጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት ቪልሄልም አንደኛ፣ የብራዚሉ ንጉሠ ነገሥት ፔድሮ ሁለተኛ፣ ሊስት፣ ቻይኮቭስኪ፣ ግሪግ፣ ሴን ሳንስ፣ ብሩክነር ተቀምጠዋል። የዓለም የሙዚቃ ሰው ሁሉ ትንሿ ከተማ ውስጥ ነው፤ መኝታና ምግብ ጠፍቶ ሰው ይጋፋል። የአማልክቱን አለቃ ቮታንን የሚጫወተው ፍራንስ ቤትስ ቀለበቱን ጣለው፤ የኦፔራው ሁሉ ምክንያት የሆነውን ቀለበት! እርግማኑ በሚነገርበት ሰዓት ሁለት ጊዜ ወደ ጎን ሮጦ ፈለገው። ከዚያ አንዱ መድረክ ሠራተኛ የኋላውን ሸራ ያለ ሰዓቱ አነሣው፤ ሸራው ሲነሣ የትያትር ቤቱ ባዶ ግድግዳና በሸሚዝ እጅጌ የቆሙ ሰዎች ታዩ። ሠራተኞቹ ተመልካቹን፣ ተመልካቹ ሠራተኞቹን ለጥቂት ሰከንድ ተያዩ። ያቺ ሰከንድ ምን ያህል እንደምትረዝም የምናውቅ እናውቃለን። ቫግነር በክፍሉ ተቀምጦ ተዋናዮቹን እየሰደበ ነበር፤ ሕዝቡ ሲጠራውም አልወጣም። በዓሉ ኦገስት 30 ሲያልቅ ሚስቱ ኮሲማ በማስታወሻዋ እንደመዘገበችው፣ ሞቱን እስኪመኝ ድረስ አዘነ። ቆይቶም ኦርኬስትራውን እንደደበቀ ሁሉ መድረኩንም ቢደብቀው እንደሚመርጥ ተናገረ።

ከሐዘኑም የባሰ የቀረው ዕዳ ነው፤ ወደ 148,000 ማርክ። በ1877 ለንደን ሄዶ ኮንሰርት መራ፤ ያገኘው ከቁም ነገር የሚገባ አልነበረም። ባይሮይት ተዘጋ። ቀለበቱ ለዚያች ቤትና ለዚያች ኮረብታ ብቻ የተሠራ ነው ብሎ የማለው ሰው አሁን ለሌላ መስጠት ግድ ሆነበት።

አንጌሎ ኖይማን የሚመጣው እዚህ ነው። ቀድሞ ባሪቶን የነበረ፣ በሌይፕዚግ ኦፔራውን የሚያስተዳድር፣ አይሁዳዊ ሰው። ቀለበቱን በ1876 ባይሮይት አይቶት ነበር፤ ብዙው ሰው የማሽኑን ውርደት ሲያወራ እሱ ይህ ነገር ሌላም ቦታ ይሠራል ብሎ አሰበ። በ1878 ሌይፕዚግ ላይ፣ በ1881 በርሊን ላይ፣ በ1882 ሜይ ለንደን ላይ አቀረበው። ቀጥሎም ማንም ያልደፈረውን አደረገ። ከባይሮይት ዲኮሩንና አልባሳቱን ገዛ፤ ዘፋኞችን፣ ኦርኬስትራን፣ የመድረክ ሠራተኞችን አሰባሰበ፤ ሁሉንም በልዩ ባቡር ጫነ። በሴፕቴምበር 1882 ከብሬስላው ተነሡ። አምስተርዳም፣ ብራስልስ፣ ባዝል፣ ቬኒስ፣ ቦሎኛ፣ ሮም፣ ቱሪን፣ ትሪየስት፣ ቡዳፔስት፣ ግራትስ። መሪው ያ ከጋሪው ሥር ኖታ ይዞ ይሄድ የነበረው ዛይድል ነው።

በዚህ ጽሑፍ ከሁሉ በላይ የማደንቀው ይህንን ባቡር ነው። ትርኢት ይዞ የዞረ ሰው ብቻ ነው የሚገባው። የየከተማው መድረክ ስፋት ይለያያል፤ የአንዱ ጣሪያ ሸራውን ለመስቀል ይበቃል፣ የሌላው አይበቃም፣ ሸራው መታጠፍ አለበት። የአንዱ ወለል ወጥመድ አለው፣ የሌላው ደፍን ነው፤ ታዲያ ምድር ውስጥ የሚገባው ድንክ በየት ይግባ? መብራቱ ጋዝ ነው፤ ግፊቱ በየቤቱ የተለያየ ነው። ገመድ የሚስቡት ግማሾቹ የዚያው ከተማ ሰዎች ናቸው፤ ቋንቋቸው ሌላ፣ ኦፔራውን ከዚያ ቀን በፊት ሰምተውት የማያውቁ። ባይሮይት ላይ ወራት ልምምድ አድርጎ የተሳሳተን ማሽን እነዚህ ሰዎች በሳምንት ውስጥ ያወርዱታል፣ ይተክሉታል፣ ይነቅሉታል፣ በፉርጎ ጭነው ይሄዳሉ። አራት ምሽት፣ ከዚያ ሌላ ከተማ። የብሩንሂልደን ክፍል የምትዘፍነው ሄድቪግ ራይኸር ኪንደርማን ታማ ሳለች መንገዱን ቀጠለች፤ ትሪየስት ላይ ጁን 2 ቀን 1883 ሞተች። ዕድሜዋ 29 ነበር።

ቫግነር ያን ባቡር አብሮ አልተሳፈረም። ባቡሩ ሊነሣ ሲል እሱ የመጨረሻ ሥራውን «ፓርሲፋል»ን በባይሮይት አቅርቦ ጨርሶ ነበር፤ የመጀመሪያው ቀን ጁላይ 26 ቀን 1882 ነው። የመራው ሄርማን ሌቪ የረቢ ልጅ ነበር፤ ቫግነር ተጠመቅ እያለ ቢያስቸግረውም አልተጠመቀም። ይህን የመሰለ ሰውዬ ነው፤ በጽሑፉ የሚያዋርዳቸው ሰዎች ሥራውን በእጃቸው ተሸክመውለታል፤ እሱም ያንን እያወቀ ጽሑፉን አልመለሰም። ለእኔ የዜማው ትልቅነት ይህን አይሽረውም።

ፓርሲፋል ላይ ብራንት ጫካው ወደ ቤተ መቅደስ ሲለወጥ የሚታይ ተንቀሳቃሽ ሸራ ነድፎ ነበር፤ ረጅሙ ሸራ በጥቅል ላይ እየተጠመጠመ ሲያልፍ ተጓዦቹ የሚራመዱ ይመስላል። ብራንት በዲሴምበር 1881 ሞተና ልጁ ፍሪትስ ተረከበ። ልምምድ ላይ ሸራው ተዘርግቶ እስኪያልቅ ሙዚቃው ቀድሞ አለቀ። ቫግነር አሁን ደግሞ ሙዚቃ በሜትር ልስፋ ወይ ብሎ ተቆጣ። ረዳቱ ኤንግልበርት ሁምፐርዲንክ ግን ቤቱ ሄዶ የሚሞላ ጥቂት ዜማ ጽፎ አመጣ፤ ቫግነርም ተቀበለው። በሦስተኛው ክፍል ያለው ሸራ ጭራሽ ስላልተሳካ በተዘጋ መጋረጃ አለፉት። ይህን ባነበብኩ ቁጥር የእኛ አኮርዲዮን ትዝ ይለኛል። በሰከንድ የለካውን ሙዚቃ ማንም እንዳይነካበት የኖረው ደራሲ፣ በመጨረሻው ሥራው ገመዱ እስኪስተካከል ዜማ አስጨመረ።

ከበዓሉ በኋላ ቬኒስ ገብቶ ከረመ፤ ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1883 በልብ ሕመም እዚያው ሞተ። የኖይማን ባቡር በመንገድ ላይ ነበር። በኤፕሪል ቬኒስ ሲደርሱ ቀለበቱን በላ ፌኒቼ ትያትር አቀረቡ፤ ቫግነር በሞተበት ቤት ፊት ለፊትም በጀልባ ላይ ሆነው የኀዘን ሙዚቃውን ተጫወቱለት።

ባይሮይት ቀለበቱን ዳግመኛ ያየችው በ1896 ነው፤ ከሃያ ዓመት በኋላ። በመካከሉ ያለው ጊዜ የኖይማንና የመሰሎቹ ነው። በ1889 ወደ ሴንት ፒተርስበርግና ሞስኮ ወሰደው፤ ሪምስኪ ኮርሳኮፍ ኖታውን ይዞ ልምምዱ ላይ እየተገኘ ተማረበት፤ ቀጥሎ የጻፈው ኦፔራ ኦርኬስትራ ተለወጠ። ዛይድል ኒውዮርክ ገብቶ ቫግነርን ለአሜሪካኖች አስተማረ።

በዚያችው ኒውዮርክ፣ በሜትሮፖሊታን ኦፔራ፣ ሴፕቴምበር 27 ቀን 2010 አዲስ «የራይን ወርቅ» ተከፈተ። የዲኮሩ ማሽን 24 ግዙፍ ሳንቃዎች ነበሩት፤ ክብደቱ 45 ቶን፤ በኮምፒውተር የሚታዘዝ፤ እሱን ለመሸከም የመድረኩ ወለል ከሥር በብረት ተጠናክሮለታል። የራይን ልጃገረዶች በሽቦ ተንጠልጥለው ወጡ፤ ሠራ። በመጨረሻው ትዕይንት አማልክቱ በቀስተ ደመናው ድልድይ ወደ አዲሱ ቤታቸው ይገባሉ። ሙዚቃው ደረሰ፤ ሳንቃዎቹ መዞር ነበረባቸው፤ አልዞሩም። አማልክቱ ትንሽ ቆሙና በመድረኩ ጎን ወጥተው ሄዱ።